የኤሌክትሪክ መኪና ወዴት ሄዶ ይሙላ?

በአዲስ አበባ የቤንዚን ማደያ መኪና ከማጠጣት ሌላ አንድ ሥራ አለው፤ ለሰፈር ስም ይሰጣል። በጅማ መንገድ በኩል «ቶታል ሦስት ቁጥር ማዞሪያ» ሲባል ያልሰማ የታክሲ ተሳፋሪ አይገኝም። ማደያው ቢታደስ፥ ባለቤቱም ቢለወጥ፥ ረዳቱ ያንኑ ስም ይጠራል፤ ተሳፋሪውም በዚያው ስም ይወርዳል። እንግዲህ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በአያት ወይም በጎሮ መንገድ «ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ መስማታችን አይቀርም። ያ ቦታ የት እንደሚሆን ግን የሚወሰነው ዛሬ ነው። ብረቱ ከተተከለ፥ ገመዱም ከተቀበረ በኋላ ቦታውን ማዛወር እንደ ሱቅ ዕቃ አንሥቶ መሄድ አይደለም።

ነገሩ እዚህ የደረሰው በፍጥነት ነው። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። እንዲህ ያለ ክልከላ በሥራ ላይ በማዋል ከኢትዮጵያ የቀደመ አገር የለም። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ባለሥልጣኖች በአገሪቱ ያሉትን የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር ከ100 ሺህ በላይ ያደርሱታል። ከቦሌ እስከ መገናኛ ባለው መንገድ ጥግ ቆሞ ለአንድ ሩብ ሰዓት የሚያልፈውን የተመለከተ ሰው ቁጥሩን ለማመን አይቸገርም። ቢዋይዲው በየዓይነቱ ይመጣል። አባቶቻችን «ቮልስ» እያሉ ያሞላቀቋት የዚያች ጎባጣ መኪና የልጅ ልጆችም አይዲ 4 እና አይዲ 6 ተብለው፥ ከጀርመን ሳይሆን ከቻይና ፋብሪካ ወጥተው፥ ያለ አንዳች ድምፅ በአጠገባችን ያልፋሉ።

የኃይል መሙያ ጣቢያውም እንዲሁ ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቦሌና በመገናኛ ብዙ መኪና ባንድ ጊዜ የሚያስተናግዱ ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያዎችን ከፈተ፤ ክፍያውም በቴሌብር ነው። ሥራው መልካም ነው። በግል የተቋቋሙትም ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። የዛሬው ጥያቄያችን የተሠሩትን ለመንቀፍ ሳይሆን፥ የሚቀጥሉት ወዴት ይሂዱ ለማለት ነው።

«እኔ መኪና የለኝ፤ ምን አገባኝ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የዚህ መጽሔት አንባቢ አብዛኛው ተማሪና ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዚህ ዓምድ ጸሐፊም ቢሆን በአስተማሪ ደመወዝ የሚመላለሰው በታክሲ ነው። ነገር ግን ከመሸ በኋላ በስልክ የምንጠራው ታክሲ እየዋለ እያደረ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጧል። ሾፌሩ ባትሪ ለመሙላት ከወረፋ ቆሞ የሚያባክነው እያንዳንዱ ሰዓት ሠርቶ ካላገኘው ገንዘብ ላይ የሚቀነስ ነው። ያንን የሚያካክሰው ወይ ከልጆቹ ጉርስ፥ ወይ ከኛ ኪስ ነው። ሁለተኛም፥ ፈጣን መሙያው ኃይል የሚቀዳው ብዙ ጊዜ የኛ አምፖልና የኛ ምጣድ ከተንጠለጠሉበት መስመር ነው። ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የግንባታ ፈቃድ ጥያቄው፥ የመሬት ጥያቄው፥ የኃይል ማስገቢያ ማመልከቻው መጀመሪያ የሚያርፈው በሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። በክፍለ ከተማው ወይም በኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ዲስትሪክት፥ ገና ሁለት ዓመት ያገለገለ አንድ ወጣት ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ነው። «ቦታው ተስማሚ ነው» ብሎ የመጀመሪያዋን መስመር የሚጽፈው እሱ ነው። ከላይ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሙት የእሱን ቃል አይተው ነው። ያ ወጣት ምናልባት ይህን የሚያነበው ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። ስሕተቱ የሚጀምረው የኃይል መሙያ ጣቢያን እንደ ቤንዚን ማደያ ከመቁጠር ነው። ቤንዚን በቤታችን አይፈልቅም፤ ስለዚህ መኪናው ወደ ማደያው መሄድ ግድ ይሆንበታል። አምስት ደቂቃ ቆሞ ሞልቶ ይወጣል። ማደያውም ብዙ መኪና በሚያልፍበት አደባባይ ዳር ቢቆም ያዋጣዋል። ኤሌክትሪክ ግን አስቀድሞ በየቤቱ ደርሷል። መኪናውም በቀን ውስጥ ከሚሄድበት ሰዓት ይልቅ የሚቆምበት ይበዛል። ሌሊቱን በሙሉ ቆሞ የሚያድር ነገር ሌሊቱን በሙሉ ቀስ እያለ ቢጠጣ ማን ይቸኩላል?

ቁጥሩን እንየው። በግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካው ትንሹ መሙያ ብዙ ጊዜ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። ይህ ማለት ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል፤ መኪናው ግን ሌሊቱን በሙሉ የማይበርድ ምጣድ ነው። በ8 ሰዓት ሌሊት ውስጥ 28 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል። በከተማ ውስጥ ለሚመላለስ መኪና ይህ ከ150 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ያስኬዳል። ከሰሚት ፒያሳ ደርሶ ለሚመለስ የቢሮ ሠራተኛ ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣል።

ፈጣኑ መሙያ ሌላ ፍጥረት ነው። 120 ኪሎዋት የሚሰጥ አንድ ፈጣን መሙያ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 34 ምጣድ ባንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው። አምስት ፎቅ ያለው አንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ ያሉ እናቶች ሁሉ ተማክረው በአንዲት ደቂቃ እንጀራ ቢጀምሩ የሚሆነውን አስቡት። በየሰፈሩ በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የምናየው ትራንስፎርመር ደግሞ ብዙ ጊዜ 200 ወይም 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው። በትልቁ ላይ እንኳ ሁለት ፈጣን መሙያ ብናስር ለሰፈሩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው እውነተኛ ፈጣን ጣቢያ የራሱን ትራንስፎርመር ከ15 ሺህ ቮልቱ መስመር ላይ በቀጥታ መትከል የሚገባው። ይህን ሳያደርግ ከሰፈሩ መስመር ልቀዳ የሚል አመልካች ቢመጣ፥ ማመልከቻው የቱንም ያህል ያማረ ሥዕል ቢያያዝበት፥ ፋይሉ ይመለስ።

እዚህ ላይ «ኃይል ሞልቶን የለም ወይ?» የሚል ይነሣል። እውነት ነው፤ በማመንጨት በኩል ታሪካችን አኩሪ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ 43.2 ሜጋዋት ነበር፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ሒሳቡን ስንሠራው ግን ያ ቆቃ በሙሉ ኃይሉ ዛሬ ሊመግብ የሚችለው 360 ባለ 120 ኪሎዋት መሙያዎችን ብቻ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ግን የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ ከቆቃ 119 እጥፍ። ስለዚህ ወንዙ ሞልቷል፤ ችግሩ ማሰሮው ነው። ኃይሉ ከጉባ ተነሥቶ በታላላቅ ምሰሶዎች አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያ ይቀንሳል፤ በመጨረሻም በሰፈራችን በዛገች አንዲት ትራንስፎርመር በኩል ካላለፈ ቤታችን አይገባም። የመጨረሻዋ 500 ሜትር ሽቦ ደካማ ከሆነች፥ ግድቡ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆንብናል። ቦታ የሚመርጥ ሰው መንገዱን ከማየቱ በፊት ቀና ብሎ ሽቦውን ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ሰዓቱም ይታይ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት መብራቱ ይበራል፥ ወጡ ይሠራል፥ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፤ መስመሩ እጅግ የሚጨነቀው ያን ጊዜ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ግን ከተማው ሲተኛ ሽቦውም ያርፋል። በሌሊት ለሚሞላ ሰው ዋጋውን ቀነስ ማድረግ አዲስ ትራንስፎርመር ከመግዛት ይቀላል፤ በሌሎች አገሮችም የተለመደ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ቦሌ እንሂድ። ጣቢያ ላቋቁም የሚል ባለሀብት ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው በቦሌ መንገድና በቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውድ መኪና ያለው እዚያ ነው፤ ካፌው እዚያ ነው፤ የሚመረቅ ነገርም በቦሌ ቢመረቅ ለፎቶግራፍ ያምራል። ነገር ግን ጥቂት እናስተውል። በቦሌ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ባለ ቪላው ሰውዬ የራሱ ግቢ አለው፤ ግቢው በር፥ በሩ ዘበኛ፥ ግድግዳው ሶኬት አለው። መኪናውን አስገብቶ ሰክቶ ይተኛል። በዓመት ስንት ቀን ነው ፈጣን መሙያ የሚፈልገው? ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚነሣ ዕለት ካልሆነ በስተቀር ደጃፉ ላይ የተተከለው ፈጣን ጣቢያ ለእሱ ትርፍ ነው። የተጠማው ሌላ፥ ውሃው የተቀዳለት ሌላ ማለት ይህ ነው።

በቦሌ ፈጣን ጣቢያ አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። አየር ማረፊያው ትልቅ ምክንያት ነው። እንግዳ የሚያወርዱና የሚጭኑ ታክሲዎች ቀንና ሌሊት አይለዩም፤ ሾፌሩም አውሮፕላን የሚጠብቅበት ጊዜ አለው። ያ የመጠበቂያ ጊዜ የመሙያ ጊዜ ቢሆን ማንም ምንም አያጣም። ስለዚህ ጣቢያው በዋናው አስፋልት ጠርዝ ሳይሆን ታክሲዎቹ ተራ በሚጠብቁበት ሥፍራ ውስጥ ይግባ። በኮሪደር ልማቱ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ የተዘረጋው የእግረኛ መንገድም ለእግረኛ ይተው። አንዱ መሥሪያ ቤት ያነጠፈውን ሌላው መሥሪያ ቤት በሳምንቱ ሲቆፍረው ማየት በከተማችን የተለመደ ቀልድ ነበር። ወደፊት ገመድ የሚያልፍበት ባዶ ቱቦ አስቀድሞ ከድንጋዩ ሥር ቢቀበር ወጪው ኢምንት ነው።

የመገናኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። መገናኛ ስሙ እንደሚለው መገናኛ ነው፤ ከኮተቤ፥ ከሲኤምሲ፥ ከገርጂና ከሃያ ሁለት የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ፈጣን መሙያ ላይ ያለ መኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆማል፤ ወረፋ ካለ የበለጠ። በደቂቃ ብዙ መኪና ማለፍ ያለበት አደባባይ አጠገብ፥ ለግማሽ ሰዓት የሚቆም መኪና መሰብሰብ የራሱ ዋጋ አለው። ያለው ጣቢያ ያገልግል፤ ለታክሲ ሾፌር ከሥራው መስመር የማያወጣው በመሆኑ ጥቅሙ አይካድም። የሚጨመረው ግን እዚያው ባይጨመር እመርጣለሁ። ወደ ምሥራቅ ጥቂት ገፋ ቢል፥ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ በኩል፥ መኪናው ወደ መገናኛ ከመድረሱ በፊት ይሞላል፤ አደባባዩም ይተነፍሳል።

ከዚህ ወዲያ ያለው ምሥራቅ ነው እውነተኛው ጥያቄ። ሰሚት፥ አያት፥ የካ አባዶ፥ ቦሌ አራብሳ፤ በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ በኮንዶሚኒየም የሚኖርበት አገር ነው። እዚያ ያለው የመኪና ባለቤት የቦሌው ባለ ቪላ አይደለም። ከወንድሙና ከባንክ ተበድሮ አንዲት ትንሽ ቢዋይዲ ገዝቶ ቀን ቢሮ፥ ማታ ታክሲ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ወይም ከነጭራሹ ሥራው ሹፌርነት የሆነ ሰው ነው። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪናው የሚያድረው የሁሉም በሆነው ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳው ሶኬት የለውም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት እስከ መሬት የወረደ ገመድ በዓይኔ አይቻለሁ። ገመዱ ቀጭን ነበር፤ ለአምፖል እንጂ ለ3.5 ኪሎዋት የተሠራ አይመስልም። ምሽቱን እየጋለ የሚያድር እንዲህ ያለ ገመድ ከታች በኳስ የሚጫወቱ ልጆች፥ ከላይ የተኙ ጎረቤቶች አሉበት። ሰውየውን መኮነን ቀላል ነው። አማራጩ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥቶ መገናኛ ድረስ ሄዶ ወረፋ መያዝ ነው። ለመሙላት ሲል የሞላውን ከፊሉን በመንገድ ላይ ይጨርሰዋል፤ እንቅልፉን ሳንቆጥር።

ለዚህ ሰው የሚበጀው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱም ያለ ሌላው አይሆንም። የመጀመሪያው በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ቀርፋፋ መሙያ ነው። ቀርፋፋ ያልኩት ለስድብ አይደለም፤ ሌሊቱን ለሚያድር መኪና ቀርፋፋው ይበቃል ስላልን ነው። አንድ ፈጣን መሙያ በሚወስደው ኃይል 34 መኪና ቀስ ብሎ ማደር ይችላል። ቆጣሪው የጋራ፥ ሒሳቡ የየግል ሆኖ፥ የነዋሪዎቹ ማኅበር ያስተዳድረው። እዚህ ላይ የኮሚቴ ስብሰባ የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ለውሃ ፓምፕ ጥገና መዋጮ ማሰባሰብ እንኳ ስንት ወር እንደሚፈጅ እናውቃለንና። መኪና የሌለው ነዋሪ «ለባለ መኪና መብራት እኔ ለምን እከፍላለሁ?» ቢል እውነት አለው። ስለዚህ የመትከያውን ወጪ መኪና ከሌለው ማስከፈል አይገባም፤ ኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ወይም አንድ ድርጅት ይትከለው፥ ወጪውንም ከተጠቃሚው በኪሎዋት ሰዓት ይሰብስብ። በሆላንድ አገር አምስተርዳም ከተማ ውስጥ የራሱ ግቢ የሌለው ባለ መኪና ለማዘጋጃ ቤቱ ያመለክታል፤ ማዘጋጃ ቤቱም በአቅራቢያው የሕዝብ መሙያ ከሌለ መንገድ ዳር ያስተክላል። መኪናው ያለበትን ሰፈር ተከትሎ መሙያው ይሄዳል ማለት ነው። ሽንጀን የምትባለው የቻይና ከተማም በ2017 እ.ኤ.አ. ከ16 ሺህ በላይ አውቶቡሶቿን ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ስትለውጥ፥ መሙያውን በብዛት የተከለችው አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ግቢ ነው።

ሁለተኛው ነገር በሰፈሩ አፍ ላይ የሚቆም ፈጣን ጣቢያ ነው። ይህ ቀንም ሌሊትም ለሚሠራው ታክሲ፥ ማታ መስካት ለረሳው፥ ሌሊቱን መብራት ለጠፋበት ሰው ነው። ቦታው ግን በሰፈሩ መካከል አይሁን፤ መግቢያው ላይ፥ ዋናው መንገድና ወፍራሙ መስመር በሚገናኙበት ይሁን። በጎሮ በኩል ወደ አይሲቲ ፓርክና ወደ ቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚወስደው መንገድ ለእንዲህ ያለው የሚመች ይመስለኛል። ፋብሪካ ባለበት አካባቢ ለፋብሪካ የሚሆን መስመር ይዘረጋል፤ መንገዱም ሰፊ ነው። የቦሌ አራብሳም ሰው ወደ ከተማ ሲገባም ሲመለስም በዚያ ያልፋል። በአያት በኩል ደግሞ ቀላሉ ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚነሣበት ጣቢያ አለ። መኪናውን እዚያ አቁሞ በባቡር ወደ ከተማ ለሚገባ ሰው፥ ቀኑን በሙሉ ስለሚያቆም፥ ቀርፋፋው መሙያ በቂ ነው፤ ፈጣኑን እዚያ ማባከን አያስፈልግም።

አንድ የቀረ በር አለ፤ እሱም የአዳማ መንገድ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። የቦሌና የምሥራቁ ሰው በጎሮ አድርጎ እዚያ ይደርሳል። እዚህ ላይ ለተማሪዎች አንዲት የፊዚክስ ጥያቄ አለችኝ። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ነው፤ አዳማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ። ልዩነቱን 600 ሜትር እንበለው። ሁለት ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ለማንሣት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል? ክብደቱን በ9.8፥ ከዚያም በ600 አባዝታችሁ ለ3.6 ሚሊዮን ስታካፍሉ ከ3 ጥቂት የሚበልጥ ታገኛላችሁ። በሚባክነው ላይ ሲደመር 4 ያህል ነው። ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ጀነሬተር ሆኖ ከዚያ ጥቂቱን ይመልሳል፤ ሲወጣ ግን ይከፍላል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ብዙ አይጨነቅም፤ የሚጨነቀው የሚመለሰው ነው። በፍጥነት መንገድ ላይ ፍጥነቱም ባትሪውን ይጠጣዋል። ከዚህ የምንረዳው፥ ለተመላሹ ዋናው ጣቢያ በአዳማና በሞጆ በኩል መሆን እንዳለበት፥ በቱሉ ዲምቱ ያለው ደግሞ ከሐዋሳና ከድሬዳዋ ርቆ ለመጣው፥ ባትሪው ሊያልቅ ተቃርቦ ከተማ ለሚገባው መሆኑን ነው። ሁለቱም በሮች ቢኖራቸው መንገደኛው ወደ ቦሌ መሐል ገብቶ ወረፋ አያበዛም።

አንዳንድ ሰዎች «ለምን በየቤንዚን ማደያው አይተከልም?» ይላሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ መሬቱ አለ፥ መብራቱ አለ፥ ዘበኛው አለ፥ መጸዳጃ ቤትም አለ። ነገር ግን በከተማው ውስጥ ያሉት ማደያዎች አብዛኞቹ ጠባብ ናቸው። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይወጣል። በዚያ ሰልፍ ላይ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚቆም ሌላ ሰልፍ መጨመር ሁለቱንም ማነቅ ነው። ሰፊ ግቢ ያላቸው፥ በከተማው ዳር ያሉት ማደያዎች ግን ለዚህ ሥራ ይመቻሉ፤ እንዲያውም ወደፊት ለእነሱም ሌላ እንጀራ የለም።

ስለ መሰኪያው ባጭሩ። ወደ አገራችን ከገቡት መኪናዎች የሚበዙት ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ መሰኪያቸው የቻይናው ዓይነት ነው፤ የአውሮፓው ከዚያ አይገባም። አንድ ጣቢያ ከውጭ በመጣ ካታሎግ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ ቢያዝዝ፥ ለሌለ መኪና የተዘረጋ ማዕድ ይሆናል። ሌላው ባትሪው 80 ከመቶ ከደረሰ በኋላ ፍጥነቱ እየቀነሰ መሄዱ ነው። የመጨረሻዋን 20 ለመሙላት ከሥሩ የሚቆም ሾፌር ከኋላው ያለውን ያስቀራል። ለቆመበት ጊዜ ተጨማሪ የሚያስከፍል ጣቢያ ሰልፉን ያሳጥራል።

መብራትና መጸዳጃ ቤት ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ለግማሽ ሰዓት መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ለምትቀመጥ ሴት ሾፌር፥ ጨለማ ሜዳ ላይ የተተከለ ጣቢያ እንዳልተተከለ ይቆጠራል። ሴት ሾፌሮች በታክሲው ሥራ እየበዙ ነው። የጣቢያውን ንድፍ የሚያጸድቀው ወጣት ባለሙያ ከትራንስፎርመሩ ሥዕል ቀጥሎ የአምፖሎቹን ሥዕል ይጠይቅ።

በገርጂ «መብራት ኃይል» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የቀድሞው የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ስም ነው፤ እንዲህ ያለ ስም ይዞ መሙያ ጣቢያ ማጣት ለቀልድ ይጋብዛል። ለእኔ ቢተው ግን የሚቀጥለውን ጣቢያ እዚያም አላቆመውም ነበር። ከጎሮ ወደ ቦሌ አራብሳ በሚወስደው መንገድ፥ ሰፈሩ በሚጀምርበት ላይ፥ የራሱን ትራንስፎርመር ይዞ፥ ስድስት መኪና ባንድ ጊዜ የሚሞላ፥ ከጎኑም ሻይና ዳቦ የሚሸጥባት አንዲት ክፍል ያለችው አድርጌ አቆመው ነበር። ቦታው ለምርቃት ፎቶግራፍ አይመችም፤ በክረምትም ጭቃ አለው። ነገር ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከቦሌ የተነሡት ታክሲዎች የሚገቡት ወደዚያ ነው።